«ውሳኔው የእኔ ነው» ላለው አስጎብኚ ምስጋና

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእግር ስንጓዝ ላገለገሉን ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ለአስጎብኚያችን፣ በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም፤ ሥራውን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ዕቅዳችን ከሳንቃበር ተነስተን፣ በግጭና በጨነቅ የድንኳን ሰፈሮች አልፈን፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግረን እስከ ራስ ዳሸን መዝለቅ ነበር። ግጭ የደረስን ማታ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። እራት ሲቀርብ ሽታው አስጠላኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቅለሸልሸኝ አደረ። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት እስኪለምደው ድረስ ጉልበት ያለውን ወጣት እንኳ ይጥለዋል።

ከሕመሙ ያልተናነሰ ያስጨነቀኝ ይሉኝታው ነበር። ጓደኞቼ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ገንዘብ አጠራቅመው መጥተዋል፤ በእኔ ምክንያት እንዴት ይቀመጡ? ጠዋት ሻንጣዬን ማሰር ስጀምር አስጎብኚያችን መጥቶ ፊቴን አየ፣ ምን እንደሚሰማኝ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያም ድንኳን ወደሚያፈርሱት ጓደኞቼ ዞሮ «ዛሬ ከዚህ አንነሳም፤ ውሳኔው የእኔ ነው» አላቸው። እኔ እንድለምን፣ እነርሱም እንዲፈቅዱልኝ አላደረገም። ሸክሙን በሙሉ ወደ ራሱ ወሰደው። «አይዞሽ እህቴ፣ እዚሁ እንውላለን» ሲለኝ እንባዬ መጣ።

ምክንያቱንም ለሁላችንም አስረዳን። ወደ ጨነቅ የሚወስደው የተለመደው መንገድ ከመውረዱ በፊት ዳገት ያወጣል፤ በመንገዱ ያለው እሜት ጎጎ የተባለው የተራራ ጫፍ 3,926 ሜትር ነው። የከፍታ ሕመም የጀመረው ሰው ደግሞ ሕመሙ ሳይለቀው ወደ ላይ መውጣት የለበትም፤ ከባሰበትም ሳይዘገዩ ማውረድ ነው። ስለዚህ አንዲት የመቀመጫ በቅሎ ኮርቻዋ አጠገቧ ተዘጋጅቶ እንድትውል አደረገ። ከባሰብኝ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን የመኪና መንገድ ወዳለበት በየት በኩል እንደምንወርድ ከባለበቅሎው ጋር ተመካከረ። ይህን ሁሉ ያደረገው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እኔንም ሳያስደነግጥ ነው።

ጓደኞቼን ከስካውቱ (ከታጠቀው የፓርክ ጠባቂ) ጋር እሜት ጎጎን አይተው እንዲመለሱ ላካቸው። ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ዝቅ ባለው ቦታ ማደር ለእነርሱም ሰውነት ይጠቅማል አለ። እርሱ ከእኔ ጋር ቀረ። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ የአንዱን እግሬን ተረከዝ ከሌላው ጣቶች ጋር እያገናኘሁ በቀጥታ መስመር እንድራመድ ያደርገኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳርፍ ትንፋሼን ያዳምጣል፤ ሽንቴ መጠኑ ቀንሶ እንደሆነ ያለ እፍረት ይጠይቀኛል። መንገዳገድ፣ የንግግር መዘበራረቅ ወይም በእረፍት ላይ ሆኖ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ሕመሙ ወደ አንጎል ወይም ወደ ሳንባ ሄዷል ማለት ነው፤ ያኔ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ግድ ይሆናል። እርሱ የሚጠብቀው እነዚህን ምልክቶች ነበር።

አብሳያችን እህል አልወርድ ሲለኝ ጦስኝ በሻይ እያፈላ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት እየሠራ በትንሽ በትንሹ እንድጎነጭ አደረገኝ። ባለበቅሎው ጋቢውን አልብሶኝ፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ ከድንኳኑ ውጭ ተደግፌ፣ ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ሣር የሚነጩትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ስመለከት ዋልኩ። ማታ ራስ ምታቱ ቀለል አለኝ፤ በማግስቱ ጠዋት ፈጽሞ ለቀቀኝ፣ ቁርሴንም በላሁ። አስጎብኚያችን እንደገና በመስመር ላይ አስኬደኝና «አሁን እንሂድ» አለ። ጨነቅ ደረስን፣ ዋልያ አየን፣ ቧሂትንም ወጣን። ለራስ ዳሸን ቀን አልበቃንም፤ ከቡድናችን ግን አንድም ሰው ቅር ሲለው አላየሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የአስጎብኚ፣ የስካውትና የበቅሎ ክፍያ የሚታሰበው በቀን ነው። እርሱ ገና ደባርቅ ሳለን አንድ የእረፍት ቀን ሂሳቡ ውስጥ እንድናስገባ መክሮን ነበር፤ በዚህ ምክንያት ተራራው ላይ ስለ ገንዘብ ያነጋገረን የለም። ይህን አስቀድሞ የሚያነሳ አስጎብኚ እንግዶቹን ከልቡ የሚያስብላቸው ይመስለኛል። እናንተም ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡ አስጎብኚያችሁን «ሰው ቢታመም ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ አጣሩ። እርሱን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዱን ጠይቄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።