ባለክዳኑ የመስታወት መጋገሪያ፦ ከበዓል ለተረፈ ምግብ ምን ያህል ይመቻል?

በበዓል ማግስት ፍሪጅ ውስጥ የሚገኘው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው፦ የተጠበሰ ዶሮ ወይም ሥጋ፣ የተፈጨ ድንች፣ የተቀቀለ አትክልት፣ ያደረ ዳቦ፣ ከድስት ሥር የቀረ መረቅ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲሞቅ ይደርቃል። በሶስ ተለውሶ አንድ ላይ ሲጋገር ግን ራሱን የቻለ ምግብ ይወጣዋል። ለዚህ ሥራ የተለመደው ዕቃ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀትና የፕላስቲክ ክዳን ያለው የመስታወት መጋገሪያ ነው። ብዙ ሰው ማንም ይሥራው ማን «ፓይሬክስ» ይለዋል፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1915 ለገበያ ከቀረበው ምርት የመጣ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ላደረ ምግብ ከዚህ የሚሻል ቅርጽ አላገኘንም። ነገር ግን ብዙዎች የሚገዙት «ከፍሪጅ ወጥቶ በቀጥታ ኦቨን ይገባል» ብለው ነው፤ ዕቃው የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቅርጹ። ያደረ ምግብ አንዴ በስሏል፤ ከኦቨን የሚፈለገው መሃሉ ድረስ በደንብ እንዲሞቅና ላዩ እንዲጠበስ ብቻ ነው። የምግቡ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ መሃል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በጎድጓዳ ዕቃ የተጋገረ ምግብ ላዩ አርሮ መሃሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መጋገሪያ ምግቡ ከ4 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ ይህ ችግር አይገጥምም። ምግቡ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በትልቁ ሳህን ላይ ስስ አድርጎ መዘርጋት ያደርቀዋልና 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነውን መጠቀም ይሻላል።

ትልቁ ሳህን ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ያበላል። የሚይዘውም ይህን ያህል ነው፦ 2 ሴንቲ ሜትር እየሆነ የተቆረጠ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ፣ 400 ግራም የበሰለ አትክልት፣ 600 ሚሊ ሊትር ሶስ፣ ከላይ የሚዘረጋ 700 ግራም የተፈጨ ድንች። ድንች ከሌለ 50 ግራም የዳቦ ፍርፋሪ በ25 ግራም የቀለጠ ቅቤ አሽታችሁ ከላይ በትኑበት። ሶሱን ለመሥራት 50 ግራም ቅቤ አቅልጡ፤ 50 ግራም ዱቄት ጨምራችሁ ጥሬ ጥሬ እንዳይል 2 ደቂቃ አማስሉ፤ ከዚያ 600 ሚሊ ሊትር ወተት ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ ምቱት። ወተቱ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል። መረቅ ከተረፈ በዚያው መጠን ወተቱን ቀንሱ። ሶሱ የማንኪያን ጀርባ ሸፍኖ የሚቆይ ያህል መወፈር አለበት፤ ከዚህ ከቀጠነ ምግቡ ሲቆረጥ ይፈርሳል። ጨው ግን ሁሉንም ቀላቅላችሁ ሳትቀምሱ አትጨምሩ፤ ሥጋውም ድንቹም መረቁም ቀድሞ ጨው ገብቶባቸዋል። ብዙ ጊዜ ምንም አያስፈልግም።

አሁን ወደ መስታወቱ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፦ «ቦሮሲሊኬት» (ቦሮን የገባበት መስታወት) እና በሙቀት የጠነከረ «ሶዳ ላይም» (የመስኮትና የጠርሙስ ዓይነት መስታወት)። ሶዳ ላይም ሲሞቅ የሚለጠጠው ከቦሮሲሊኬት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። አንዱ ጎኑ ቀዝቃዛ፣ ሌላው ሙቅ ሲሆን ልዩነቱ መስታወቱን ይወጥረዋል፤ ውጥረቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ይፈነዳል። ለመውደቅ የሚበረታው ሶዳ ላይሙ ነው፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን የሚችለው ደግሞ ቦሮሲሊኬቱ። በካርቶኑ ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ሶዳ ላይም እንደሆነ ቆጥራችሁ ተጠንቀቁ። ቦሮሲሊኬት ቢሆንም የማይሰበር አይደለም።

ስለዚህ ማታ ሞልቶ ፍሪጅ አሳድሮ ጠዋት ኦቨን መክተት ለዚህ ዕቃ አይሆንም። ያደረውን ምግብ በሌላ ዕቃ አስቀምጡ፤ መጋገሪያው ከፍሪጅ ውጭ ይቆይ። ለመጋገር ስትነሱ ሶሱን በድስት አሙቁ፤ ሥጋውንና አትክልቱን እዚያው ውስጥ ጨምራችሁ ለብ ሲል ወደ መስታወቱ ገልብጡ። ይህ ዕቃውን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ የመጋገሪያውንም ጊዜ ያሳጥራል። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ይጠብቃችሁ፤ ገና እየሞቀ ባለ ኦቨን የጋለው የማሞቂያ ብረት ሙቀት በቀጥታ መስታወቱን ይመታዋል። ከላይ ብቻ በሚያቃጥለው የግሪል እሳት ሥር አታስገቡት፤ ምድጃ ላይም አትጣዱት። ሲወጣ ማረፊያው ደረቅ ጨርቅ ወይም እንጨት ይሁን። እርጥብ ጠረጴዛ፣ ብረት ወይም የመታጠቢያ ገንዳ ላይ ካረፈ አደጋ ነው። ምግቡ ደረቅ መስሏችሁ በጋለው ሳህን ላይ ቀዝቃዛ ወተት ብታፈሱም እንደዚያው።

ፎይል አልብሳችሁ 30 ደቂቃ፣ ገልጣችሁ 15 ደቂቃ ጋግሩ። ከላይ ድንች የተዘረጋበት ከሆነ ፎይል አያስፈልገውም። የመስታወቱ ትልቅ ጥቅም እዚህ ጋ ይታያል፦ ሥሩና ጠርዙ መንተክተክ ሲጀምር ዓይናችሁ ያየዋል። ጠርዙ ተንተከተከ ማለት ግን መሃሉ ሞቀ ማለት አይደለም። የምግብ ቴርሞሜትር መሃሉ ላይ ሰክታችሁ 74 ዲግሪ ማንበብ አለባችሁ። ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ይረፍ፤ ሶሱ የሚረጋው ያኔ ነው።

ውኃ ካቆረ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአትክልቱ ነው። ከበረዶ ቤት የወጣ ወይም ዙኪኒን የመሰለ ውኃማ አትክልት ካለ ቀድማችሁ በመጥበሻ ውኃውን አድርቁት። ሥጋው ከሻከረ ወይ በጣም ትንንሽ ተደርጎ ተቆርጧል፣ ወይ ሶስ አልደረሰውም። ዶሮ ሁለት ቀን ፍሪጅ ሲቀመጥ የሚያመጣው የከረመ ሽታ ስቡ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነውና ሥጋውን ቶሎ በመረቅ ሸፍኖ ማስቀመጥ ይቀንሰዋል። ከላይ ቺዝ በትናችሁ ዘይቱን ከተፋ እሳቱ በዝቶበታል፤ ከመጀመሪያው ሳይሆን ፎይሉ ሲነሳ ነው መበተን ያለበት።

ክዳኑ የዕቃው ደካማ ጎን ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ኦቨን አይገባም፤ በሙቅ ምግብ ላይ ሲከደን እንፋሎቱ ተመልሶ ላዩን ያርሰዋል፣ ሲቀዘቅዝም ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሳባል። መስታወቱ ለዓመታት እያገለገለ ክዳኑ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ክዳኑ ለብቻው የሚሸጥበትን ሞዴል መምረጥ ይበጃል። ስትገዙ መያዣዎቹንም እዩ፤ በወፍራም የኦቨን ጓንት የማይያዝ አጭር እጀታ ከ2 ኪሎ በላይ ለሆነ ትኩስ ምግብ አይታመንም።

ማታ አሰናድቶ ጠዋት መጋገር የግድ ለሆነበት ቤት ኢናሜል (መስታወት መሰል ሽፋን) የተቀባ የብረት መጋገሪያ እንመክራለን፤ ከፍሪጅ ወደ ኦቨን ቢገባ አይሰነጠቅም፣ ቲማቲምም አይጎዳውም። ያልተቀባ አልሙኒየም ቶሎ ይሞቃል፤ ቲማቲም ያለበት ሶስ ግን ሲያድርበት የብረት ጣዕም ያመጣል። ሴራሚክ ለገበታ ያምራል፤ የድንገተኛ ሙቀት ሥጋቱ ግን እንደ መስታወት ነው፣ ሥሩም አይታይም።

አጠባውን በለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፉት፤ በብረት ሽቦ አትፈትጉት። ጭረት መስታወቱን ያደክመዋል፤ ጠርዙ የተሸረፈ ሳህን ደግሞ ተመልሶ ኦቨን መግባት የለበትም።

ዕቃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የተበላሸ ምግብ አያድንም። የበዓሉ ምግብ ከገበታ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት ነበረበት፤ ቶሎ እንዲቀዘቅዝም ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተከፋፍሎ። በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ቀኑ የሚቆጠረውም ምግቡ መጀመሪያ ከበሰለበት ዕለት ነው።