ባለ ገበሩ የበረዶ ጫማ፣ ከዴናሊ በኋላ

መጀመሪያ ዋጋውን እንጨርስ። ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለአንድ ጥንድ ጫማ! እናቴ ብትሰማ «ወርቅ ነው እንዴ የተነከረው?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ አልነገርኳትም።

ጫማው ባለ ሁለት ንብርብር የተራራ ቦት ነው። ከውጭ ጠንካራው ጫማ፣ ከውስጥ ተነቅሎ የሚወጣ ገበር፣ ከላይ ደግሞ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ ባለ ዚፕ ሽፋን አለው። የሠሪውን ስም አልጠራም፤ የምለው አብዛኛው ለዚህ ዓይነት ጫማ ሁሉ ይሠራል። ታኅሣሥ ላይ ገዛሁት፣ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። የምኖረው ሲያትል ስለሆነ መለማመጃዬ እዚያው አጠገብ ያለው የሬይኒር ተራራ ነበር። ሰኔ ላይ ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር አላስካ፣ ዴናሊ ላይ ወጣሁበት። 6,190 ሜትር።

ኪሊማንጃሮን የለመደ ሰው ዴናሊ ላይ ይደነግጣል። ተሸካሚ የለም። ትንሿ አውሮፕላን ታልኪትና ከምትባል የአላስካ ከተማ አንስታ 2,200 ሜትር ግድም ላይ፣ ካሂልትና የሚባለው ግግር በረዶ ላይ ታራግፍሃለች። ከዚያ በኋላ ጭነትህን ግማሹን በጀርባህ፣ ግማሹን በሸርተቴ እየጎተትክ ነው። ሽንት ቤትህን እንኳን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ይዘህ ትዞራለህ፤ የፓርኩ ሕግ ነው። መሪዎቹ መንገዱን ያውቃሉ፣ ያበስላሉ፣ በገመድ ያስሩሃል። እግርህን ግን አያሞቁልህም።

ብርዱም ሌላ ነው። ዴናሊ ከምድር ወገብ በጣም ስለሚርቅ፣ እኩል ከፍታ ካለው የሐሩር ክልል ተራራ ይልቅ አየሩ ይሳሳል። አየር ሲያጥርና ሲበርድ ሰውነት ደሙን ወደ መሀል ይሰበስባል። መጀመሪያ የሚከፍሉት ጣቶች ናቸው። ጠባብ ጫማ ሲጨመርበት ደግሞ አለቀ። ከበረራው በፊት ዕቃችንን የፈተሸችው መሪ ሌላውን ሁሉ በዓይኗ አለፈችው፤ ጫማው ላይ ስትደርስ ግን አስለበሰችኝና ጣቶቼን እንዳንቀሳቅስ አዘዘችኝ። ወፍራም ካልሲ አድርጌም እንደ ልብ ይንቀሳቀሱ ነበር። ከመደበኛ ቁጥሬ ግማሽ ከፍ አድርጌ ነው የገዛሁት። ሱቁ ገበሩን በሙቀት በእግሬ ቅርጽ ስላስያዘልኝ ተረከዜ አልተላጠም።

እውነቱን ለመናገር ዋጋው ያለው ገበሩ ላይ ነው። 4,300 ሜትር ላይ ያለው ካምፕ ውስጥ ማታ ማታ ገበሩን ሳወጣው እንፋሎት ይወጣዋል። የውጪው ጫማ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስስ አመዳይ ይዞ አገኛለሁ። በጥፍሬ ስጭረው ይረግፋል። ያ የቀኑ ላቤ ነው። ገበር በሌለው ጫማ ቢሆን ኖሮ እዚያው ከርሞ ጠዋት እግሬን በረዶ ውስጥ ነበር የምከተው። እኔ ግን ገበሩን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዤው እተኛለሁ። የውሃ ኮዳው፣ ባትሪው፣ የፀሐይ ክሬሙም እዚያው ናቸው። ለእኔ የተረፈኝ ቦታ እንኳን ያጠራጥራል። ጠዋት የውጪው ጫማ ድንጋይ ሆኖ ያድራል፤ ገበሩ ግን ደረቅና ለብ ያለ ነው። መጀመሪያ ገበሩን አጥልቄ አስራለሁ፣ ከዚያ እግሬን ከነገበሩ ወደ ድንጋዩ እሰዳለሁ። ጫፉ ላይ የወጣን ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። ጣቶቼ በረዳቸው እንጂ አልደነዘዙም።

የማይመቸው ነገርም አለ። ዚፑ ዋናው ነው። ደቃቅ በረዶ ገብቶበት ይቀረቀራል፣ በጓንት ደግሞ አይያዝም። ሐምሌ ላይ ጥርሱ ረገፈ። ለሠሪው ጻፍኩ፣ ከሳምንታት በኋላ «ዋስትናው ዚፕን አይጨምርም» የሚል መልስ መጣ። የሠፈር ጫማ ሰፊ በሃያ ዶላር አዲስ ዚፕ ገጠመልኝ፤ ከበፊተኛው ይሻላል። ሽፋኑን በእግር ውስጠኛ ጎን በኩል ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ሹል ጥርስ ብረት) ቀዶታል፣ በማጣበቂያ ጨርቅ ደፈንኩት። ሶሉ ድንጋይ አይወድም። ክራምፖን ግን ግጥም ብሎ ይዞለታል፣ አንዴም አልወለቀብኝም። በበጋ ሬይኒር ላይ ደግሞ እግር ይቀቅላል፤ ለዚያ አልተሠራም።

ማን ይግዛው? ለራስ ዳሸን ያሰበ ይተወው። 4,550 ሜትር ቢሆንም ደህና የእግር ጉዞ ጫማ ይበቃዋል። ለኪሊማንጃሮም ሞቅ ያለ ባለ አንድ ንብርብር ቦትና ጥሩ ካልሲ በቂ ነው። ለዴናሊ ወይም አርጀንቲና ላለው የአኮንካጓ ተራራ ከሆነ ያስፈልጋል፤ አንዴ ብቻ ለመውጣት ከሆነ ግን መከራየት ይቻላል፣ አላስካ፣ አንኮሬጅ ከተማ ውስጥ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። የኪራይ ገበር በሌላ ሰው እግር ቅርጽ የተሠራ ስለሆነ ከበረራው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱና፣ የምትወጡበትን ካልሲ አድርጋችሁ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተመላለሱበት።