ሠርጋችንን ለቀረጹልን ሁለት ባለሙያዎች ምስጋናና ጥቆማ

ዘንድሮ ጥር ላይ ተጋብተናል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም በሰላም አለፈ። ፎቶውና ቪዲዮው ባለፈው ሳምንት እጃችን ገባ፤ አይቼ ስጨርስ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዷ ፎቶ ታነሳለች፣ የሥራ አጋሯ ቪዲዮ ይቀርጻል። ሁለቱንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ለምትጋቡም ሁሉ እጠቁማችኋለሁ።

ስንመርጥ ብዙ ቦታ ጠይቀናል። ሁሉም የሚያሳየው ያው አጭር ክሊፕ ነው። ሙዚቃው ያምራል፣ ቬሉ በነፋስ ይነሳል፣ እንጦጦ ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከዚያ የባለሙያውን አቅም ማወቅ አይቻልም። ፎቶ አንሺዋ ግን ደንበኞቿን አስፈቅዳ የአንድ ሠርግ ፎቶ ከማለዳ እስከ ማታ ያለውን በሙሉ አሳየችን። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፣ ሰው ይጋፋል። ልክ እንደኛ ቤት። እዚያ ውስጥ ያነሳችው ሁሉ ጥርት ያለ ነበር። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። እናንተም የትም ብትሄዱ አንድ ሙሉ ሠርግ አሳዩን በሉ።

ከዚያ ደግሞ እሷ ጠያቂ ሆነች። ጉልበት የሚሳምላቸው እነማን ናቸው? ከአባትሽ ቀጥሎ ማን ይመርቃል? ብዙ መቆም የማይችል አዛውንት አለ? እህቴ ሁሉንም በወረቀት ጻፈችላት። በዕለቱ አክስቶቼን እትዬ፣ አጎቶቼን ጋሼ እያለች በየስማቸው ስትጠራ ዘመዶቼ የቤተሰብ ሰው መስላቸው ነበር።

ያገባነው በተክሊል ነው። ሥርዓቱ ከቅዳሴ በፊት ስለሚጀምር ውጭው ገና ጨለማ ነው። ውስጥ ሻማና የዕጣን ጭስ ነው። እሷ ቀደም ብላ ሄዳ የት መቆም እንደሚፈቀድላት ካህናቱን ጠይቃ ነበር። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፍላሽ ሳይጠቀሙ ሠሩ። ካህናቱ ፊት አንዴም አልተጋረጡም። ቄሱን ገፍቶ የሚያልፍ ካሜራማን በስንት ሠርግ ላይ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ያ ሰዓት ጸሎት ነው።

ስለ መልካችንም ልናገር። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ወርቅማ ካባ ሲበዛ ካሜራው በራሱ ከተተወ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋል፤ ፊታችን ይጠቁራል። ብዙዎች ያንን በኋላ በኤዲቲንግ ያነጡትና ሙሽራዋ ዱቄት የተነፋባት ትመስላለች። እሷ ገና ስታነሳ ብርሃኑን የምታስተካክለው ፊትን አይታ ነው። እኔ ጠይም ነኝ፤ ፎቶዬም ላይ ጠይም ነኝ። እናቴ አልበሙን አይታ “ልጄን ራሷን ነው ያገኘኋት” አለች።

የቪዲዮ ባለሙያውን ደግሞ የማመሰግነው ለድምፅ ባለው ጥንቃቄ ነው። አብዛኛው የሠርግ ቪዲዮ ላይ ምርቃቱ ሙዚቃ ይጫንበታል። የሽማግሌው አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚሰማው ግን ዘፈን ነው። እሱ አባቴ ኮት ላይ ትንሽ ማይክ ሰካ። ምርቃቱ ሳይቆረጥ ይግባ ብሎ ሐሳብ ያቀረበውም ራሱ ነው። ወንድሜ የሚሠራው ሳዑዲ፣ ሪያድ ነው፤ ፈቃድ አጥቶ አልመጣም። የቪዲዮ ባለሙያው የምርቃቱን ክፍል በማግስቱ ለብቻው አዘጋጅቶ ላከልን፤ ጥራቱ እንዳይቀንስም በቴሌግራም በፋይል መልክ ነው የላከው። ወንድሜ ወዲያው ደወለ። “አባዬ የኔንም ስም ጠርቶ መርቆኛል እኮ!” እያለ አለቀሰ። እኛም አብረን አለቀስን። አሜን ስንል የነበረው ሰው ሁሉ ድምፁ አለበት።

ሥራቸው በውል ነው። ቀብዱ፣ የሚመጡት ራሳቸው መሆናቸው፣ የማስረከቢያው ቀን ሁሉም ተጽፏል። ጾሙ ሳይገባ እናስረክባለን ብለው ነበር፣ በቃላቸው ተገኙ። የሚያነሱት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሁለት ካርድ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ይሄን ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። ፓኬጁ ውስጥ ድሮን ነበር። ድሮን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ለእናንተ ግቢም አያስፈልግም ብላ አወጣችው፤ ዋጋውንም ቀነሰችልን።

ከጠየቅናቸው ሁሉ ርካሾቹ እነሱ አይደሉም። ፖዝ አያበዙም። ወዳጅነት ፓርክ፣ እንጦጦ፣ ቢሾፍቱ እየዞረ ቀኑን ሙሉ መነሳት ለሚፈልግ ሌላ ባለሙያ ይሻለው ይሆናል። እኛን መናፈሻ የወሰዱን ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ነው፣ እሱም ለአጭር ጊዜ። ቀሪው ሰዓታችን ከእንግዶቻችን ጋር አለፈ፤ ለኔ ትልቁ ስጦታ ይሄ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የምትጋቡ ቶሎ በሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ ስለማይደገስ ሁሉም ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ነው የሚጣደፈው፤ ቅዳሜና እሑዱ ይያዛል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሠርጋችሁን ቀንና ሥርዓቱ የሚፈጸምበትን ቦታ አብራችሁ ላኩልኝ፣ ክፍት መሆናቸውን ጠይቄ እነግራችኋለሁ።