ለፊዚዮቴራፒስታችን ምስጋና፣ ወልዳችሁ ወደ ሩጫ ለምትመለሱም ጥቆማ

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ! ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጻፍነውም እንጂ እርጉዝና የወለዱ ሯጮችን እንደ እሷ የሚይዝ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ፊኛንና ማህፀንን ከሥር ደግፎ የሚይዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ ላይ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት።

ሌላ ቦታ የሚባለውን ታውቃላችሁ። አንዱ ጋ «እርጉዝ ሆነሽ ምን ያስሮጥሻል? ተኚ!» ነው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ። ሌላው ጋ «አርባ ቀንሽ ሞላ? በቃ ሩጪ»። ሆድ የሚነካ የለም፣ ሽንት ያመልጥሻል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደፍራ የተናገረችም «የወለደች ሁሉ እንዲህ ናት» ተብላ ትመለሳለች። ሂሳቡ ግን አይቀርም!

እሷ «ይታከማል» ነው የምትለው። ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት ልጁን ተቀብላ በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በአንድ እግር ታስዘልላለች። ዓይኗ እግር ላይ አይደለም፤ አንገት ላይ ነው። የአንገት ጅማት ከተገተረ ትንፋሽ ተይዟል ማለት ነው፤ ትንፋሽ ሲያዝ ደግሞ ግፊቱ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። የብዙዎቹን ችግር እዚያው ታገኘዋለች። ተባረኪ!

በእርግዝና ጊዜ፣ ድሮም ትሮጥ የነበረችና ሐኪም የፈቀደላት ሴት መቀጠል ትችላለች። መለኪያው ሰዓት አይደለም፤ እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፍጥነት ይቀነሳል። የእንጦጦን ዳገት ትቶ ሜዳ አፈር ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ምጥ መሰል ቁርጠት፣ የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ወይም የአንድ እግር ባት ማበጥና ሕመም ከመጣ ሩጫው ቆሞ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። የእንግዴ ልጅ የማህፀን በር ላይ ካረፈ ወይም የደም ግፊት ካለ ጭራሽ አይሮጥም።

ከወሊድ በኋላ የምትከተለው እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ አገር የወጣውን የፊዚዮቴራፒስቶች መመሪያ ነው፤ ቢያንስ 12 ሳምንት ሩጫ የለም። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነው አይደል? ከዚያ አራት ቀን ጨምሩበት። በኦፕሬሽን የወለደችም ይሄው ነው፤ ቁስሉ በደንብ ካልዳነ እንዲያውም ይረዝማል። በመሐሉ የዳሌ ወለል ሥራ አለ። ጋዝ እንደሚይዝ ሰው ከኋላ ወደ ፊት፣ ወደ ላይ መሳብ፤ እስከ 10 ሰከንድ መያዝ፤ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ይህን 10 ጊዜ፣ ከዚያ 10 ፈጣን፣ በቀን ሦስቴ። መቀመጫን መጨበጥና ጡንቻውን ሳይለቁ ደጋግሞ መሳብ ነው የሚያበላሸው። ሆድን በመቀነት ጥርቅም አድርጎ ማሰር ጡንቻውን አያጠነክርም።

ለሩጫ ከመልቀቋ በፊት እናትየዋን ትፈትናለች፤ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ዝላይ። በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት ደግሞ 20 ጊዜ። ሽንት ካመለጠ፣ ከታች የመክበድ ስሜት ወይም ሕመም ካለ አታሳልፍም፤ ብትለማመጧትም አትሰማም። ያለፈች ሴት አንድ ደቂቃ ሮጣ ሁለት ደቂቃ እየተራመደች ትጀምራለች። መጀመሪያ ደቂቃው ይጨመራል፣ ፍጥነት የመጨረሻው ነው።

የምታጠባ እናት ጡት አጥብታ ነው የምትወጣው። ምግብ መቀነስ የለም! ማጥባት ከአጥንት ካልሲየም ይወስዳል፤ በዚያ ላይ ተርቦ መሮጥ የአጥንት ስንጥቅ ያመጣል። ብረት የታዘዘላት ቡናዋን ከኪኒኑና ከምግቡ ታራርቅ፣ ቡና ብረቱን እንዳይሰርግ ይከለክላል።

«ደራርቱም ወልዳ ሮጣለች» እያላችሁ አራስ የምታጣድፉ፣ እባካችሁ ተዉ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው በ2000 ነው። ጥሩነሽ ዲባባም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ወልዳ ሪዮ ላይ ነሐስ ያገኘችው በነሐሴ 2016 ነው። ሁለቱም ከዓመት በላይ ጊዜ ነበራቸው።

እህቶች፣ ሂዱ! ሽንት እያመለጣችሁ በዝምታ የምትሮጡ በተለይ ሂዱ። ስልኳን በውስጥ መስመር እንልካለን። የምትሮጡበትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ በእርግዝና እግር ሊሰፋ ስለሚችል የድሮው ቁጥር ላይበቃችሁ ይችላል፣ እሱንም ታየዋለች።