ላሊበላ ላይ "የጠጅ ጉብኝት" ከመያዛችሁ በፊት

ወሎ ውስጥ የወይን እርሻ የሚፈልግ አይልፋ፤ ወይኑ ዝዋይ ነው። እዚህ ያለው ጠጅ ነው፣ ለዚያውም አግኝቶ ለቀመሰው በላስታ ነጭ ማር የተጣለ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከውጭ ለእረፍት ገብታችሁ፣ መኪና ተከራይታችሁ ከደሴ በወልድያና በጋሸና በኩል ላሊበላ ለምትወጡ ነው።

በመኪና ኪራዩ ቅሬታ የለኝም። ሹፌሩ ጨዋ ነው፤ ጠዋት ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያጣራ አይነሳም። ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ ከሂሳቡ ውስጥ ይኑር አይኑር ግን ቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ።

ያንገበገበኝ ላሊበላ ላይ ለእንግዳ የሚዘጋጀው የጠጅ ቅምሻ ነው። ዋጋ ሲጠየቅ አስጎብኚው "ችግር የለም፣ የራሳችን ሰው አይደላችሁ?" ይላል። ሦስት ብርሌ ይደረደራል፦ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ። ሂሳቡ ሲመጣ የቅምሻ፣ የማብራሪያ፣ የአዝማሪ እየተባለ ተሸንሽኖ ነው። ሲደመር አጠገባችን የተቀመጠው የከተማው ሰው ለዚያው ብርሌ ከከፈለው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ የአስጎብኚው ኮሚሽንም እዚያው ውስጥ ነው። "በዶላር ሲመነዘር ምን አላት" የሚል አይጠፋም። በካሊፎርኒያው የወይን አገር ናፓ የቅምሻው ዋጋ ገና ቦታ ስትይዙ ይነገራል፣ የሚቀዳውም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው። እዚህ ብሩን ችዬ ባልፈው እንኳ ጠጁን ማለፍ አልቻልኩም። "ንጹሕ ነጭ ማር" የተባለው እንደ ሚሪንዳ የሚያበራ ቢጫ ነበር። ነጭ ማር እንዲህ ያለ ቀለም ከየት ያመጣል? የሱ ጠጅ ገርጣ፣ ትንሽም ደፍረስ ይላል።

የስኳር ጠጅን ለመለየት ብርሌውን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ጥቂት አሙቁትና አሽትቱ። የማሩ ሲሞቅ የአበባ ሽታው ይወጣል፤ የስኳሩ ከእርሾና ከጌሾ ሽታ አያልፍም። ምላስ ላይም ጣፋጩ ወዲያው ይጠፋና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመቀመጣችሁ በፊት "እስቲ ማሩን አሳዩን" ማለት ነው። በማር የሚጥል ቤት ማሩን ለማሳየት አያንገራግርም።

ስኳር የሚገባበት ነገር ከማር ዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። በደንቡ አንድ እጅ ማር ለሦስት፣ ቢበዛ ለአራት እጅ ውሃ ነው። ተበጥብጦ ሰፈፉ ይገፈፍና በወይራ በታጠነ ጋን ይቀመጣል፤ ቀናት ቆይቶ ጌሾ እንጨቱ ይገባል፣ መጥኖ ሲመር ደግሞ ይወጣል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። ደሴና ላሊበላ ብርድ ነው፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ለገና እንግዳው ሲጎርፍ ጋኑ ሳይደርስ ይቀዳል፣ የጎደለው በስኳር ይሞላል። ያልደረሰ ጠጅ ሆድ ይነፋል፤ በማግስቱ ደብረ ሮሃን፣ ማለትም የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ለመዞር ያሰበ ሰው ይጠንቀቅ።

ከሁሉ የረካሁበት ደሴ ውስጥ ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለች ምልክት የሌላት ጠጅ ቤት ነች። የብርሌው ዋጋ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል፤ ለእኛም ለሰፈሩ ሰውም ያው ነው። ማሩን ስንጠይቅ እመቤቲቱ የእንስራውን አፍ ከፍተው በማንኪያ አቀመሱን። እንዲህ ያለ ቤት በማስታወቂያ አይገኝም፤ የባጃጅ ሹፌሮችን ጠይቁ። ጠጅ የማይጠጣ አብሯችሁ ካለ፣ ሐይቅም ባቲም ቀሪቦ፣ ከገብስ የሚሠራው ለስላሳ መጠጥ፣ አለላችሁ።

ጠጅ በሻንጣ አትጫኑ። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ መፍላቱን ስለማያቆም ጋዙ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፣ ልብሳችሁ ሁሉ ጠጅ ጠጅ ይላል። ይልቅ ክረምቱ አልፎ ማር ሲቆረጥ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ የተጣራ ማር ግዙ። ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ውጭ የለመድነው ፈሳሽ ማር ስለሆነ "ስኳር ገብቶበታል" ብለን እንመልሰዋለን። መርጋቱ ጉድለት አይደለም። በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁት እንደ ፈሳሽ ተቆጥሮ ፍተሻ ላይ ይቀራል፤ ክዳኑን በፕላስተር አስራችሁ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ በሚጫነው ውስጥ ክተቱት። የምትገቡበት አገር ጉምሩክ ማር ይፈቅድ እንደሆነም ቀድማችሁ ተመልከቱ።