ከኮርኒስ በላይ የወለደች ራኩን፦ መጠበቅ ወይስ ማስወጣት?

በሰሜን አሜሪካ ራኩን የምትባለው ትንሽ የዱር እንስሳ 63 ቀን ገደማ አርግዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፀደይ፣ ከ2 እስከ 5 ግልገሎች ትወልዳለች። ምቹ የዛፍ ጎሬ ካጣች የሰው ቤት ጣሪያ ሥር ትገባለች። አባትየው በማሳደጉ የለበትም። ግልገሎቹ ሲወለዱ ከ60 እስከ 75 ግራም ቢመዝኑ ነው፤ ዓይናቸው የሚገለጠውም ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ነው።

መጠበቅ ከተመረጠ፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲሆናቸው እናታቸውን ተከትለው መውጣት ይጀምራሉ። እስከዚያ ጩኸቱን መቻል ነው። ኩሳቸው ግን ለሰው አደገኛ የሆነ የወስፋት እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም።

ማስወጣት ፈጥኖ ይገላግላል፤ ስህተቱ ግን የከፋ ነው። መግቢያ ቀዳዳዋ ላይ የሚገጠም፣ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር መራመድ ላልጀመሩ ግልገሎች አይሆንም፦ እናት ውጭ ትቀራለች፣ እነሱ በረሃብ ያልቃሉ፣ እሷም ለመግባት ጣሪያውን ትገነጣጥላለች። ከዚህ ይልቅ ደማቅ መብራት አብርቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ ሰላም መንሳት ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ሌላ ጎሬ ስላላት አንድ በአንድ በማጅራታቸው አንጠልጥላ ታዛውራቸዋለች፤ ለዚህም ጥቂት ሌሊቶች ያስፈልጓታል። ቀዳዳው የሚደፈነው ውስጥ አንድም ግልገል አለመቅረቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።