ሱበዳሩን ያገኘ፣ ተሸካሚዎቹን ያላገኘ መዝገብ፦ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የስም መፈለጊያ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለብሪታንያና ለቅኝ ግዛቶቿ ተሰልፈው የሞቱ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚታሰቡበትን መዝገብ የያዘው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን፣ ይህንኑ መዝገብ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲፈልግበት በድረ ገጹ ላይ ክፍት አድርጎታል። እኔ አገልግሎቱን የመዘንኩት በአንድ ሰው ስም ነው። ሰውየው በኤርትራ፣ ከረን ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ሲዋጋ የወደቀው ህንዳዊው ሱበዳር ሪችፓል ራም ሲሆን፣ የመረጥኩትም የአንድን ቅኝ ግዛት ተወላጅ፣ ከአገሩ ባሕር ተሻግሮ በሌላ ሕዝብ ምድር የሞተን ወታደር፣ መዝገቡ እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውስ ለማየት ስለፈለግሁ ነው።

ስለ ሰውየው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሪችፓል ራም በ6ኛው የራጅፑታና ጠመንጃ ክፍለ ጦር የ4ኛው ሻለቃ ባልደረባ ነበር፤ ሱበዳር የሚባለውም ማዕረግ በቅኝ ግዛቱ የህንድ ጦር ለህንዳውያን ብቻ የተለየ የመኮንንነት ደረጃ ነው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1941 ለ8 አጥቢያ የሻምበሉ አዛዥ ሲቆስል ትእዛዙን ተረክቦ የቀሩትን 30 ሰዎች እየመራ የመጨረሻውን ምሽግ ያዘ፤ ዙሪያውን ተከብቦም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ገደማ 6 ጊዜ የተሰነዘረበትን መልሶ ማጥቃት መለሰ። ጥይት ሲያልቅበት በከበባው መካከል እየተዋጋ የተረፉትን ጥቂት ሰዎች ይዞ ወጣ። ከ4 ቀን በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ሻምበሉን እንደገና እየመራ ሲያጠቃ ቀኝ እግሩ ተቆረጠ፤ በወደቀበት ሆኖ ወታደሮቹን ወደፊት በሉ እያለ በእጁ ሲያመለክት ሌላ ቁስል ጨምሮ ሞተ። ከሞቱ በኋላ የብሪታንያ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የሆነው ቪክቶሪያ ክሮስ ተሰጠው። ከረን በማርች ወር መጨረሻ ሲወድቅ ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የመጣውን የአምባ አላጌን ውጊያ የእኛ ሰው በሚገባ ያውቀዋል፣ በከረን ተራሮች የረገፉትን ህንዳውያን ግን ብዙም አያነሣም።

ወደ አገልግሎቱ ስመለስ፣ ፍለጋው በቤተሰብ ስም፣ በመጠሪያ ስም፣ በክፍለ ጦር፣ በማዕረግ፣ በአገልግሎት ቁጥር፣ በሞት ቀንና በመቃብሩ ስፍራ ሊደረግ ይችላል። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቶሎ የሚገባ ችግር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን ስምና የአባታችንን ስም ይዘን እንኖራለን፣ ውጭ አገር ቅጽ ስንሞላም የትኛውን በየትኛው ሳጥን እናስገባ ብለን ያልተቸገርን ጥቂቶች ነን። የህንድ ወታደሮችም ጉዳይ ይህንኑ ይመስላል። «ራም» የተባለውን ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚፈልግ ሰው ያልጠበቀው ብዛት ሊመጣበት ስለሚችል፣ ሁለቱን ስም አንድ ላይ በቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ ጽፎ በክፍለ ጦር ማጥበብ ይሻላል። የስሙም አጻጻፍ በላቲን ፊደል ወጥ አይደለም፤ ይኸው ሱበዳር በአንዳንድ ጽሑፍ በአንድ፣ በሌላው በሁለት «ኤች» ተጽፎ ይገኛል። ጸሐፊው የሰማውን እንደ ሰማው ያሰፈረበት መዝገብ ስለሆነ፣ ፈላጊው ትዕግሥት ይዞ መነሣት አለበት። ቀኑም በግሪጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ የአያቱን የሞት ቀን በዓመተ ምሕረት የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ መቀየር ይኖርበታል።

ስሙ ሲገኝ የሚወጣው ገጽ ንጹሕና ቁጥብ ነው። ማዕረግ፣ ክፍለ ጦር፣ የሞት ቀን፣ የሚታሰብበት ስፍራ ይነበባል። ለብዙዎቹ የህንድ ወታደሮች የአባት ስምና መንደር ጭምር ተጨምሯል፤ በእኔ አስተያየት የመዝገቡ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሟቹን ከቁጥርነት አውጥቶ ወደ አንድ ቤት ደጃፍ ይመልሰዋል። የመታሰቢያ ምስክር ወረቀት በነጻ ማውረድ ይቻላል፤ ለብዙ ሟቾችም በዘመኑ የተሞሉት የመቃብር ምዝገባ ቅጾች በፎቶ ተያይዘዋል። በጽሕፈት መኪና የተመታውና ከላዩ በእጅ የታረመው ቅጽ ከንጹሑ ገጽ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የሪችፓል ራም ስም የሚገኘው በከረን የጦር መቃብር ውስጥ ባለው የአስከሬን ማቃጠል መታሰቢያ ላይ ነው። የሂንዱና የሲክ ወታደሮች አስከሬን እንደ ሃይማኖታቸው ስለሚቃጠል፣ ስማቸው በራስጌ ድንጋይ ፈንታ በጋራ መታሰቢያ ላይ ይቀረጻል፤ በከረኑ ላይ 285 ስሞች አሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንለውን ተረት ኮሚሽኑ ቃል በቃል የፈጸመው ይመስላል፤ መቃብር የሌለውም ስም አለውና። በ1917 ሲቋቋም ጀምሮ ይዞት የመጣው መመሪያ ሟች ሁሉ በስሙ እንዲታሰብ፣ በማዕረግ፣ በዘርና በሃይማኖት ልዩነት እንዳይደረግና አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ የሚል ነው። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ባዕድ ነው፤ በኮሪያ የሞቱት ከ120 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አጽማቸው አገር ገብቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። እርግጥ ቃኘው የነጻ አገር ጦር ነበር፤ ሱበዳሩ ግን የት እንደሚዋጋም ሆነ የት እንደሚያርፍ የወሰነለት ሌላ ነው።

እስከዚህ ድረስ አገልግሎቱ ምስጋና ይገባዋል። ጉድለቱ የሚታየው ወደ ኋላ፣ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነትና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲኬድ ነው። በዚያ ጦርነት እንግሊዞች ከጀርመኖች ጋር በታንጋኒካ ሲዋጉ፣ መኪናና የጋማ ከብት በማይሻገሩት አገር ስንቅና ጥይት የተሸከሙት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ነበሩ፤ በጥይት ካለቁት ይልቅ በበሽታና በረሃብ ያለቁት ይበልጣሉ። ናይሮቢ ኢስሊ የኖረ ሐበሻ ሁሉ የካሪዮኮርን ገበያ ያውቃል፤ ስሙ የመጣው «ካሪየር ኮር» ከሚለው የእነዚሁ ተሸካሚዎች ጦር መጠሪያ ነው። ሰፈሩ ስማቸውን ይዟል፣ የስም መፈለጊያው ግን የብዙዎቹን አንድ በአንድ አልያዘም። ይህ የኮምፒዩተር ስሕተት አይደለም፤ ያልተጻፈ ስም ቢፈለግ አይገኝም።

ለምን እንዳልተጻፈ ያጋለጠው ኮሚሽኑ ራሱ ያስጠናውና ኤፕሪል 2021 የወጣው ዘገባ ነው። በዚያ መሠረት ከ45,000 እስከ 54,000 የሚሆኑ የእስያና የአፍሪካ ሟቾች ከሌሎቹ እኩል አልታሰቡም፤ ሌሎች ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱት ደግሞ በስም ወይም ጨርሶ አልታሰቡም። በ1923 የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) አገረ ገዥ የነበረው ጎርደን ጉጊስበርግ፣ ተራው የአገሬው ሰው የራስጌ ድንጋይን ትርጉም ስለማይረዳ አያስፈልገውም የሚል አስተያየት መስጠቱም በዘገባው ተጠቅሷል። እኩልነትን መመሪያው ያደረገ ተቋም እንዲህ ያለውን ቃል ተቀብሎ መሥራቱ ከማንኛውም የአጠቃቀም ችግር የከፋ ጉድለት ነው፤ ኮሚሽኑም ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው በወረቀት አለመቅረቱን ለማሳየት ያህል፣ በጃንዋሪ 2025 በኬፕ ታውን ከ1,700 በላይ የጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የጉልበት ጓድ አባላት ስም የተቀረጸበት መታሰቢያ ተመርቋል።

በሁለተኛው ጦርነት መዝገቡ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሱበዳሩም የተጠቀመው ከዚህ ነው። ከኬንያ ተነሥተው በደቡብ ኢትዮጵያ ዘምተው መቃብራቸው ያልታወቀውም ኬንያ፣ ኒየሪ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ስማቸው ተቀርጿል። ከእነሱ አንዱ በሜይ 19 ቀን 1941 ቁሊቶ አጠገብ በጣሊያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ የተዋጋው ሳጅን ናይጅል ሊኪ ነው፤ የታወቀው የቅሪተ አካል ተመራማሪ የሉዊስ ሊኪ ዘመድ ነበር፣ አስከሬኑም አልተገኘም። ስሙን ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው። ነጭ ሰፋሪ ስለሆነና የቤተሰብ ስሙ በትክክለኛው ሳጥን ስለሚገባ ከሪችፓል ራም ይልቅ ይቀላል ማለት ይቻላል።

አገልግሎቱን ለማን እመክራለሁ? ዘመዱን ለሚፈልግ ህንዳዊ፣ ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ ብቻ ሳይሆን፣ የ1933ቱን ነጻነት ለሚያስተምር ኢትዮጵያዊ የታሪክ መምህርም ጭምር ነው። የሰው ስም የማያውቅ ሰው የመቃብሩን ስፍራ ብቻ አስገብቶ በዚያ የተመዘገቡትን ሁሉ ማውጣት ይችላል። አዲስ አበባም ውስጥ ኮሚሽኑ የሚጠብቀው የጦር መቃብር ስላለ ከዚያ መጀመር ይቻላል፤ ዝርዝሩ ሲወጣ ከስሙ ይልቅ አስቀድሞ የክፍለ ጦሩን ዓምድ ማንበብ ይጠቅማል፤ ማን ከየት አገር ተጠርቶ እንደመጣ የሚታየው እዚያ ነውና።